እማዬን የሚያስተኛ ሽጉጥ

ሽጉጥ መርጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንኳን ሽጉጥ፣ ሐብሐብ መምረጥ አልችልም። ገበያ መሀል ቆሜ፣ እንደሚያውቅ ሰው በጣቴ ኳ ኳ አድርጌ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ ራሴን ነቅንቄ የገዛሁት ሐብሐብ ሁሉ ቤት ገብቶ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ነው። ባለቤቴ "አንተ ከእንግዲህ በር ብቻ አንኳኳ" ብላ ገበያውን ከተረከበችኝ ቆይታለች።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ አስተማማኝ፣ ዒላማ የማይስት፣ ከአፈሙዝ እስከ እጀታ ሙሉ ብረት የሆነ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ እንዲመርጥ የታዘዘው። ያዘዘችኝ ደግሞ እናቴ ናት። እናቴ የዘመተች ሴት እንዳትመስላችሁ። ዶሮ ስታሳርድ እንኳን ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞር ሴት ናት።

የነገሩ መነሻ የአባቴ ካፖርት ነው።

እማዬ የምትኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ክረምት አልፎ ፀሐይ ብቅ ስትል የአባቴን ጥቁር ካፖርት ከቁም ሳጥን አውጥታ ገመድ ላይ ታሰጣዋለች። ለባሽ የሌለውን ካፖርት ምን ያደርግልሻል ስላት "ይታፈናል" ትለኛለች። ዘንድሮም አሰጣችው፤ ወፍጮ ቤት ደርሳ ስትመለስ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። ሌባው አጠገቡ የተሰጣውን አዲስ ብርድ ልብስ አልነካውም። ከስርቆቱ ይልቅ እማዬን ያንገበገባት ይኸ ነው። "መርጦ ነው የወሰደው" ትላለች፤ ልክ ሌባው አባቴን በስም የሚያውቀው ይመስል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። ስደውልላት ድምፅዋ የታመመ ሰው ድምፅ ሆነ። ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ታንጎላጃለች፣ ሲመሽ ዓይኗ ይፈጣል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ምንም የለባቸውም ተባልን። ባለቤቴና እኔ ተመካከርንና ቤቱ ተዘግቶ እኛ ጋ፣ ከከተማው ዳር ያለው ኮንዶሚኒየም እንድትገባ ወሰንን። ፎቅ ላይ መሆኑን ስትሰማ "እኔ ርግብ ነኝ?" አለችኝ። እኔም አምርሬ፣ ኅዳር ሳይገባ እንቅልፍሽ ካልተመለሰ ወደድሽም ጠላሽም ትመጫለሽ አልኳት። ያንን ቤት መዝጋት ለሷ ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ሰው ሳይተኛ ስንት ጊዜ ይኖራል?

"እንቅልፌ የጠፋው ዛሬ አይደለም" አለች። "አባትህ ሽጉጡን ማቀባበል ካቆመ ወዲህ ነው።"

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አባቴ ሽጉጥ ማውራት አለብኝ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ የእብድ ሥራ ይመስላችኋል።

በልጅነቴ በኛ ግቢ ቀኑ የሚዘጋው በድምፅ ነበር። አባቴ የግቢውን በር ቆልፎ፣ ዶሮዎቹ መግባታቸውን አይቶ፣ መኝታ ቤት ይገባና በሩን ከኋላው ገርበብ ያደርገዋል። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ይሰማል፤ ቀጭ... ቋ! ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ንጹሕ የብረት ድምፅ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ሻምበል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "አቶ በላይ፣ ደህና ይደሩ" ይላሉ። አባቴም "ደህና ይደሩ፣ ሻምበል" ብሎ ይመልሳል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ የሚሆነውን እኔ አላውቅም፤ ተኝቻለሁ።

የአቶ በላይ ግቢ ሽጉጥ እንዳለበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሌባ ከላይኛውም ከታችኛውም ቤት ገብቶ እኛን ይዘለን ነበር። እኔም ተማሪ ቤት የሚደፍረኝ አልነበረም፤ ሽጉጡ በየዓመቱ እኔ አፍ ውስጥ ያድግ ነበርና። መጀመሪያ ከእንጦጦ የወረደ ጅብ ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጅብ በአንድ ጥይት ጣለ፤ ልጆቹ እንዴት ሆኖ ሲሉኝ ተሰልፈው ነበር አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሽጉጡን አንድም ቀን አላየሁትም። መኝታ ቤት በዚያ ሰዓት መግባት ክልክል ነው። አባቴ ደግሞ ሽጉጥ የሚታጠቅ ዓይነት ሰው አይመስልም ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ካርቦን ወረቀት ካርቦን ወረቀት ይሸታል። ከኪሱ፣ ከእጅጌው፣ ከመኝታ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ሁልጊዜ ትንንሽ ክብ የወረቀት ፍርፋሪ አይጠፋም። እኛ ልጆቹ እየለቀምን የእቃቃ ሰርግ ስናደርግ ሙሽሮቹ ላይ እንበትነው ነበር። እማዬ ስትጠርግ "ይኸ ሰውዬ ቢሮውን በኪሱ ይዞ ይመጣል" ትላለች።

እና ያ ድምፅ እንዲመለስላት ፈለገች። የአባቴ ሽጉጥ የት እንደገባ ስጠይቃት "አስረክቦታል" ብላ ዘጋችው። "አንተ ሌላ ፈልግ። እንደሱ ያለ። ፕላስቲክ እንዳታመጣብኝ።"

መጀመሪያ የሄድኩት ሻምበል ዘንድ ነው። ጡረታ ከወጡ ዘመን አልፏቸዋል፤ ግን ዛሬም ወንበራቸውን በራቸው ላይ አውጥተው፣ ራዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ መንገዱን እንደ ጥበቃ ይቆጣጠራሉ።

"ሻምበል፣ የአባቴ ሽጉጥ የት ሥሪት ነበር?" አልኳቸው።

ሳላቸው። ራዲዮኑን ቀነሱት፣ መልሰው ጨመሩት። "ብረት ነበር" አሉ።

"ማለቴ ዓይነቱ?"

"ሙሉ ብረት ነዋ። እንደዛሬው አሻንጉሊት አይደለም።"

"አስተማማኝ ነበር?"

"አንድም ቀን ነክሶ አያውቅም።"

"ዒላማውስ?"

ወደ ሰማይ አዩ። "አቶ በላይ ሲስቱ አላየሁም" አሉ።

ከዚያ ግን ስለ ሽጉጥ በጠቅላላው ሲያወሩ አፋቸው ተፈታ። ብረት ክብደት አለው፣ ክብደቱ እጅን ያረጋጋል፣ እጅ ሲረጋጋ ጥይት ወደታለመበት ይሄዳል አሉኝ። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ይተኩስና የሚቀጥለውን ጥይት ራሱ ይጎርሳል። የመጀመሪያዋን ብቻ ነው ሰው የሚያቀባብልለት። ይህን ለእማዬ በዝርዝር አስረዳኋት። ከልቧ አዳመጠችኝና "ራሱ የሚጎርስ ከሆነ ማታ ማታ ማን ያቀባብለዋል?" ብላ ጠየቀች። በየማታው የመጀመሪያዋ ናት ብዬ አስማማኋት።

ሻምበል መጀመሪያ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ሽጉጥ ብለው ስላስጠነቀቁኝ የማመልከቻ ቅጹን አምጥቼ መሙላት ጀመርኩ። "መሣሪያው የተፈለገበት ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "ለእናቴ እንቅልፍ" ብዬ ጻፍኩና ራሴው ሳነበው ደነገጥኩ። ለጊዜው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እስከዚያው ግን ሕጋዊ ሽጉጥ ያላቸውን፣ በሕጉ መሠረት ማስተላለፍ የሚፈልጉ ሰዎችን ሻምበል እየጠቆሙኝ መዞር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ጳውሎስ አካባቢ የሚኖር ነጋዴ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ጥይቱን አውጥቶ፣ ባዶ መሆኑን አሳይቶ፣ ዘመናዊውን ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ስልኬን አወጣሁና መቅጃውን ከፍቼ አጠገቡ አስጠጋሁ።

"ያቀባብሉልኝ" አልኩት።

"አትይዘውም?"

"የለም፣ ልስማው ብዬ ነው።"

ሰውየው አስተያየቱ ተቀየረ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን ዘመም አድርጌ ሳዳምጥ ሲያይ ደግሞ ሚስቱን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት። ቅጂውን የዚያኑ ዕለት ይዤ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችና "ይኸ የማንኪያ መሳቢያ ነው" አለች። ለካ አካሉ ግማሹ ፕላስቲክ ነው። ያችን ማታ ዝናብ ያዘኝና ሽንብራ አሹቅ እየቆረጠምን አምሽተን ተለያየን።

ቀጥሎ የሻምበል የድሮ ባልደረባ ጋ ሄድኩ። የሳቸው ቼክ ሥሪት፣ ሙሉ ብረት፣ አንድ ቦታው እንኳን ያልተፋቀ ነው። ሲያቀባብሉት እኔ ራሴ ፀጉሬ ቆመ፤ አገኘሁት አልኩ። እማዬ ቅጂውን ደጋግማ አስከፈተችኝ። "ደህና ነው፤ ግን ይቸኩላል" አለች። "አባትህ ቀጭ ካለ በኋላ ትንሽ አሰብ ያደርግ ነበር።" ሻምበልም አጥሩን ተደግፈው ሰሙትና "እውነታቸውን ነው፣ ይቸኩላል" ብለው ደገፏት። ሌላው ጉንፋን የያዘው ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ፣ ምን እንዳጠፋ ሳይነገረው፣ "ይኸስ ክፉ ሰው ይመስላል" ተብሎ ወደቀ። ባለቤቴ በዚህ መሀል "የአንተ እናት ሽጉጥ ነው የምትመርጠው ወይስ ሙሽራ?" ማለት ጀምራለች።

እማዬ ግን፣ የሚገርማችሁ፣ ፊቷ እየተመለሰ መጣ። እንቅልፉ የለም፤ ወሬው ግን አለ። ልወጣ ስል "ነገስ የማንን ታሰማኛለህ?" ትለኛለች። ቡናማ ሹራቤ ክርኑ ላይ መቀደዱን ያየችውም፣ ጠቅማ የመለሰችልኝም በዚያ ሰሞን ነው። እኔ ወደዚያ ቤት እንዲያ ተመላልሼ አላውቅም። ዳገቱን ስወጣ የድሮ ትንፋሼን፣ የሸማኔዎቹን የመወርወሪያ ድምፅ፣ የባህር ዛፉን ሽታ እያገኘሁ፣ ሽጉጥ ፍለጋ መሆኑን እረሳው ነበር።

ከዚያ የታክሲው ጉድ መጣ።

ከጳውሎስ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቀን ተቀምጠናል። ኪሴ ውስጥ አዲስ ቅጂ አለ። እማዬ ደወለች። "አግኝተሃል? አሁኑኑ አሰማኝ፣ መታገስ አልቻልኩም።" እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኩን ስነካካ ሁሉም ነገር በትልቁ ድምፅ ማጉያ ወጣ። ቀጭ ቋ!

ታክሲው ጸጥ አለ። በመስኮት ወጥቶ ሲጣራ የነበረው ረዳት ቃሉን መሀል ላይ አቋረጠው። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘና ሁለት እጁን መሪው ላይ እንደዘረጋ ቀረ። ከዚያ ማንም "ወራጅ አለ" ሳይል ሰው ሁሉ ወረደ። አጠገቤ የነበሩት እናት የያዙትን ሙዝ ቀስ ብለው ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ "በማርያም፣ ልጄ" ብለው ወረዱ። በባዶው ታክሲ ውስጥ የእማዬ ድምፅ ብቻ ቀረ። "ድገመው እስቲ፣ አልተሰማኝም።"

ፖሊስ መጣ። ፈተሸኝ፤ ስልክ፣ ሙዝና የታጠፈ ቅጽ አገኘብኝ። ቅጹን አነበበው። "ለእናቴ እንቅልፍ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ እ... ማለቴ፣ ሽጉጥ የለኝም፣ ድምፅ ነው ያለኝ፣ በቃ ድምፅ ብቻ። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰማ። ባልደረባውን ጠርቶ አሰማው። "ይኸኛው ይሻላል" አለ ባልደረባው። "የለም፣ የቀድሞው ወፍራም ነው" አለ እሱ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ለማረጋገጥ እማዬን ራሷን ማነጋገር አለብኝ ብሎ ደወለላት።

"እናቴ፣ ልጅዎ ስለ ሽጉጥ የሚለው እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ የኔ ልጅ። አንተ ፖሊስ ነህ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ታዲያ ታጥቀሃል ማለት ነው። እስቲ ያንተን አሰማኝ።"

ፖሊሱ ስልኩን መለሰልኝ። "ሂድ" አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሙዙን ልመልስላቸው ብልም አጠገቤ የነበሩት እናት ጠፍተዋል።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ተናድጄ ነው ዳገቱን የወጣሁት። ኅዳርም ደርሷል። በመንገዴ ሻምበል ዘንድ ጎራ አልኩና የራሳቸውን፣ ለማንም የማያሳዩትን አሮጌ ሽጉጥ እንዲያቀባብሉልኝ ለመንኳቸው። እንደ መቸገር አሉና አደረጉልኝ። ያንን ቀዳሁ፤ ከዚያ የተሻለ ብረት በአዲስ አበባ ላይ ያለ አልመሰለኝም። እማዬ ሰማችው። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ መለሰችልኝ።

"ይኸም አይደለም" አለች።

"በቃ እማዬ" አልኳት። "ነገ ዕቃሽን እንሰበስባለን። ለመሆኑ የአባቴን ሽጉጥ በዓይንሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ካፖርቱ ተሰቅሎበት ከነበረው ቦታ ሥር፣ ከተጣጠፉት ጋቢዎች መሀል፣ በፍላኔል ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከባድ ነው። ቀዝቃዛ ነው። ሙሉ ብረት ነው። ፈታሁት።

የቢሮ ወረቀት መብሻ ነው። ያ የድሮው፣ ትልቁ፣ ጥቁሩ፣ ክንድ የሚያህል እጀታ ያለው ፐንቸር። ሆዱን ስከፍተው ክብ ክብ የወረቀት ፍርፋሪ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ፤ ቢጫ ሆኗል። የእቃቃ ሰርጋችን ነው ጉልበቴ ላይ የተበተነው።

"ሽጉጡን ያስረከበው አንተ ዳዴ ስትል ነው" አለች እማዬ፣ ፍላኔሉን እያጣጠፈች። "ትራሱ ሥር ገብተህ አፈሙዙን እንደ ጡት ስትጠባ አገኘሁህ። እሱን ጠራሁትና አሳየሁት። በነጋታው ወስዶ አስረከበ። ሌባ ባዶ መሆናችንን እንዳያውቅ ደግሞ ማታውኑ ይኸን ከቢሮ ይዞ መጣ። ጡረታ ስወጣ እመልሰዋለሁ ይል ነበር።"

"ሻምበልስ? ሻምበልም አያውቁም?"

"እሳቸው ወታደር ናቸው። ወታደር ፐንቸርና ሽጉጥ ይሳሳታል?"

"ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?"

"መቼ ዝም አሉ? በየማታው ደህና ይደሩ ይሉ ነበር እንጂ።"

"እኔንስ ለምን ታንከራትቺኛለሽ፣ እማዬ? ፖሊስ እጅ እስክገባ ድረስ?"

ፍላኔሉን ፈትታ እንደገና አጣጠፈችው። "የመጀመሪያውን ይኸ ነው ብልህ ኖሮ፣ በማግስቱ ትመጣ ነበር?" አለችኝ።

ፍርፋሪውን ከጉልበቴ ላይ አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ።

"እኔ ሞክሬው ነበር" አለች ቀጥላ። "ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። እኔ ስጫነው ያቃስታል እንጂ አይጮህም። በል አንተ ሞክረው። ባዶውን አይሆንም፣ ወረቀት አጉርሰው፤ አባትህ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።"

ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት የፈቃድ ማመልከቻው ብቻ ነው። አጥፌ አጎረስኩት። መስኮቱ ሥር ሄጄ አባቴ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ። እጀታውን ተጫንኩት፤ ቀጭ። ትንሽ አሰብ አደረግሁ። ለቀቅሁት፤ ቋ!

ከአጥሩ ማዶ የነበረው የራዲዮ ድምፅ ተቋረጠ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሽማግሌው ወደ ቤት የገቡ መሰለኝ።

"አቶ በላይ፣ ደህና ይደሩ" አሉ ሻምበል።

ልጁ ነኝ ልል አስቤ ነበር። ግን ከአፌ የወጣው "ደህና ይደሩ፣ ሻምበል" ነው፤ የወጣውም በራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

ዞር ስል እማዬ እዚያው ወንበሯ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ምንጣፉ ላይ የወደቀችውን ክብ ወረቀት አንስቼ ኪሴ ከተትኳት።